እናቴ ነጭ የለበሰችበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ኔፓል ውስጥ ነው። ከዚያ ጉዞ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ቀን ግን የእናቴ የነጠላ ጫፍ በየትኛው ትከሻዋ ላይ እንደ ነበረ እንኳ አልረሳሁም። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ለብቻዬ ይዤው መቆየት ስለከበደኝ ልጽፈው ወሰንኩ። የከበደኝ ሐዘኑ አይደለም፣ ምስጋናው ነው። የማመሰግነውን ሰው ስሙንም ቤቱንም አላውቀውም።

የምንኖረው ኦክላንድ ነው። እኔ ሳንታ ክላራ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ የተበላሸ እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳትንም እንደዚያው በራሴ ነው የተማርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከተማው መሀል ያለው ሐይቅ ዳር ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ሐበሻ ካያችሁ እኔ ነኝ።

አባቴ ዳውንታውን ኦክላንድ፣ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ነበር የሚሠራው። አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሰው ኔፓላዊ ናቸው፣ ቢሽኑ ይባላሉ። አባቴ እኔንና እህቴን "ጋሽ ቢሽኑ" እንድንላቸው አዘዘን። እሳቸውም እናቴን "እትዬ" ይሏታል። ከአማርኛ የሚያውቁት "እትዬ"፣ "እሺ"፣ "ና ብላ" እና "ጎበዝ" ብቻ ነው፤ በእነዚህ አራት ቃላት ቤታችን መጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ሲጫወቱ ውለው ይሄዱ ነበር።

ሁለቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚከራከሩት ስለ እንስሳ ነበር። የማን አገር ይበልጣል ነው ነገሩ። አባቴ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ይጠራል። ጋሽ ቢሽኑ ባለ አንድ ቀንዱን አውራሪሳቸውን ያመጣሉ።

"አውራሪስ እኛም ነበረን" ይላል አባቴ። "ሰለቸንና ተውነው።"

"ነበረን አይቆጠርም፣ ታዴ። አገሬ ና፣ በአስፋልት ላይ ሲሄድ አሳይሃለሁ።"

"በአስፋልት ላይ?"

"በአስፋልት ላይ። ከሰው ጋር።"

"እመጣለሁ። ካየሁት ተረታሁ እላለሁ። ካላየሁት ግን ዕድሜህን ሙሉ አለቅህም።"

በዚያ ዓመት አልሄደም። በሚቀጥለውም አልሄደም። ከዚያ አንድ የፀደይ ጠዋት ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመ።

ለቅሶው የተቀመጠው አፓርትመንታችን ውስጥ ነው። ሳሎኑ ሞልቶ ሰዉ እስከ መኝታ ቤቶቹ ድረስ ቆሞ ነበር። እናቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ "ታዴዬ፣ እንግዲህ ይህን በር ማን ከፍቶ ይግባልኝ" ብላ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ በሩ ተንኳኳ።

ሁላችንም ደነገጥን። የመጣችው ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ወጣት ሴት ናት። ሕፃን ታቅፋለች። ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም የፈራች ትመስላለች። "ሁሉ ነገር ደህና ነው? ልጄ ተኝቶ ነበር፣ ጩኸት ስሰማ ጊዜ..." አለች። የእህቴ ባል ይቅርታ ጠይቆ ሸኛት።

እናቴን ዝም በይ ያላት ሰው የለም። ራሷ ናት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዝም ያለችው። ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም። መቃብሩ ዘንድ አላለቀሰችም፤ በአርባውም፣ በዓመቱም አላለቀሰችም። አብስላ ታበላናለች፣ ሥራ ሄዳ ትመለሳለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች። ሆኖም ስለ አባቴ አንዲት ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ስሙንም አትጠራም።

ጥቁሩን ደግሞ አላወለቀችም። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች "ኧረ በቃሽ፣ እሱም አይወደውም" እያሉ ለመኗት። እሺ ትላለች፤ በነጋታው ያንኑ ትለብሳለች። እህቴ ማህሌት ከሳን ሆዜ በመጣች ቁጥር ሰማያዊ ሹራብ፣ ቡና ዓይነት ቀሚስ ይዛ ትመጣለች። ሁሉም ቁም ሣጥን ውስጥ ከነወረቀቱ ተሰቅሏል።

እናቴ ካስትሮ ቫሊ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። የሠራተኛው ልብስ ራሱ ጥቁር ነው። አንድ ቀን ከሥራ ይዣት ስመለስ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ "ዛሬ አንዷ ልጅ ጥቁር ያምርብሻል አለችኝ" አለች።

"ምን አልሻት?"

"ቴንክ ዩ አልኳት። ምን ልበላት? እዚህ አገር ግማሹ ሰው ጥቁር ነው የሚለብሰው። ሐዘን መሆኑን ማን ያውቃል?"

ጋሽ ቢሽኑ ጡረታ ሲወጡ አገራቸውን አይተው ሊመለሱ ተነሡ፤ ቤታችን መጥተውም "ታዴ ቃል ነበረበት። በእሱ ፋንታ እናንተ ኑ" አሉን። እናቴ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እሺ አለች። ምክንያቷን የሰማሁት ከማህሌት ጋር በስልክ ስታወራ ነው። "ብቻውን ከሄደማ ወፍ ሲያይ ገደል ይገባል" ትላታለች። እኔ ደግሞ የዚያኑ ሳምንት ለማህሌት "የምሄደው እማዬን ከቤት ላወጣት ብዬ ነው" ብያት ነበር። ማህሌት ለሁለታችንም ትክክል ናችሁ አለችን።

ሻንጣውን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ለእናቴ ሁለት ጥቁር ቀሚስ ከላይ ከላይ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። ከሥር ምን እንደከተተች አላየሁም።

መጀመሪያ የሄድነው በኔፓል ደቡብ ወዳለው የቺትዋን ደን ነው። ጣዎስ አየን። አፍንጫው እንደ ዱላ ቀጥኖ የረዘመ አዞ አሸዋ ላይ ተኝቶ አየን። እኔ ብዙ ፎቶ አነሳሁ። እናቴ ጂፑ ላይ ጥቁሯን ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። "ያ ምንድን ነው?" ብላ ስትጠይቅ ለእኔ ብላ እንደምትጠይቅ ያስታውቃል።

አመሻሽ ላይ ከእንግዳ ማረፊያው ወጥተን በመንደሩ መንገድ ስንሄድ ውሾቹ ድንገት ዝም አሉ። አንድ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን እንደያዘ ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ገባ። ጋሽ ቢሽኑ ክንዴን ያዙኝ። ከጫማ መሸጫው ወዲያ፣ የቆመች ሞተር ሳይክል አጠገብ፣ አውራሪሱ በአስፋልቱ ላይ እየመጣ ነበር። አይሮጥም። ከሥራ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ቆዳው ጎኑ ላይ ተጣጥፎ፣ እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይታያል። እናቴን ወደ ኋላ ልስባት ብል እንደ ግድግዳ ሆነችብኝ። በፊታችን አልፎ ወደ ወንዙ እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከዚያ "ታዴ ተረታ" አለች።

አባቴን ስሙን ጠርታ የሰማኋት ከለቅሶው ወዲህ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጋሽ ቢሽኑ ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷ ግን ፊቷን መልሳ ዘጋችው።

እዚያ አንዱን ጥቁር ቀሚስ ረስተን መጣን። ከሕንፃው ጀርባ ባለ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ክፍሉን አልጋ ሥር ድረስ ፈትሻለሁ፤ ጀርባውን ማየት ግን አላሰብኩም።

ቀጥለን ፖክራ ወደምትባለው የሐይቅ ከተማ ሄድን። ጋሽ ቢሽኑ ካትማንዱ ያሉ እህታቸውን ለማየት ቀድመውን ሄዱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያ ባለው ትልቅ ቤተ መቅደስ ዘንድ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን።

ሐይቁ አረንጓዴ ነው። መሀሉ ላይ ትንሽ ደሴት አለች፤ ደሴቷ ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። በእንጨት ጀልባ ተሻገርን። እናቴ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ብርቱካንማ የሕይወት አድን ጃኬት አጥልቃ፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነበር። የምትጸልየውን አውቀዋለሁ። ደሴቷ ላይ ሴቶች አበባና እህል በሰሃን ይዘው ይዞራሉ፣ ርግቦች ከጣሪያው ይነሣሉ። እሷ ወደ ውስጥ አልገባችም። ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ።

ስንመለስ፣ ከጀልባው ስትወርድ፣ እግሯ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ከዳት። እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ገባች። ጀልባ ቀዛፊውና እኔ ጎትተን አወጣናት። አልተጎዳችም። "እንኳንም ሐይቁ አልወሰደኝ፤ ልብሱንስ ይውሰደው" አለች። ልብሱን ግን አልተወችውም፤ እንግዳ ማረፊያው እንደደረስን ራሷ አጥባ በረንዳው ላይ ሰቀለችው።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ቀሚሱ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ወደ ካትማንዱ የምንበርበት ሰዓት ደርሷል። እናቴ ሻንጣውን እስከ ሥሩ ገለበጠችው፤ ከታች፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ወጣ። ወዲያው ስልክ አስደወለችኝ።

"ማህሌት፣ ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"እያወቅሽው።"

"እማዬ፣ ጀስት ኢን ኬዝ ብዬ ነው፣ አይ ስዌር።"

"ኬዝሽን እኔ አውቀዋለሁ። ስመጣ እንነጋገራለን።"

ማህሌት ግን አስባበት ነው። ባለ ቀለም ጥለት ብታደርገው እናቴ እርጥቡን ጥቁር ለብሳ እንደምትሄድ ታውቃለች። ስለዚህ ጥለቱ ነጭ በነጭ የሆነውን ነው የመረጠችው። እናቴ ለበሰችው። ነጠላዋን ራሷ ላይ አደረገች። መስተዋቱን አላየችም። እኔም ጫማዬን የማስር መስዬ ቆየሁ።

ያ ቀን እንግዲህ እንዲህ ጀመረ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሴት እንግዳ ስትሸኝ ግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት ታደርግለታለች፣ የአበባ ጉንጉንም አንገቱ ላይ ታስገባለታለች። ሰሃኗን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። እየሳቀች ለእኔ አደረገችልኝ። ከዚያ እናቴ ከደረጃው ስትወርድ አየቻት። ሳቋ ቆመ። ሰሃኑን ወደ ኋላዋ ደበቀችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጥማ ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻት።

"ተመስገን" አለች እናቴ መኪና ውስጥ። "ቀይ ቀለም ግንባሬን ልትቀባኝ ነው ብዬ ስፈራ ነበር። ክርስቲያን መሆኔን አውቃለች።"

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። ሁለት ወጣቶች ሳይጠየቁ መንገድ ለቀቁላት። ፈታሿ ሴት ሌላውን ሁሉ በችኮላ እየዳሰሰች ታሳልፍ ነበር፤ እናቴ ጋ ስትደርስ ትከሻዋን በስሱ ነክታ አሳለፈቻት። መጠበቂያው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁላት። ከፊታችን ቀይ የለበሰች ሙሽራ የመሰለች ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ትስቅ ነበር፤ ዘወር ብላ እናቴን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ጓደኞቿንም በክርኗ ነካቻቸው።

እናቴም ይህን አስተውላለች። "ምን ሆነዋል ዛሬ ሰዎቹ?" አለችኝ።

"አላወቅሁም።"

"ነጭ ማክበር ያውቃሉ ማለት ነው። እንደኛ።" ትንሽ ደስ ያላት መሰለኝ። ነጠላዋን አስተካከለች።

ካትማንዱ ያለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ፓሹፓቲ ይባላል። በአጠገቡ ቀጭን ወንዝ ይወርዳል። ዋናው ቤተ መቅደስ ውስጥ የእነሱ እምነት ተከታይ ያልሆነ ሰው አይገባም፤ እንግዳ ከወንዙ ማዶ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። ይህን ለእናቴ ስነግራት "እኔስ መቼ ልግባ አልኩ" አለች።

ጋሽ ቢሽኑ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። እናቴን ሲያዩዋት ቆባቸውን አወለቁ። "እትዬ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው በእንግሊዝኛ በዝግታ፣ "ማን ነገራችሁ?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ነጩን ነዋ። እኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ዓመቱን ነጭ ትለብሳለች። ቀይ አትነካም። አሁን ወጣቶቹ እየተዉት ነው፤ እንደ እህቴ ያሉት ግን ይዘውታል። እትዬ ለታዴ ብላ በእኛ ወግ የለበሰች መስሎኝ ነው።"

ጠዋት የተደበቀው ሰሃን፣ የተለቀቀው ወንበር፣ ዝቅ ያለው ሳቅ አንድ ላይ ገባኝ። እናቴ ኦክላንድ ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ ጥቁር ለብሳ ሐዘንተኛ መሆኗን ያየላት መንገደኛ አልነበረም። ጥቁሩን ባወለቀችበት በመጀመሪያው ቀን ያገኛት ሰው ሁሉ አየላት።

"ምን አሉህ?" አለችኝ።

"ቆይ፣ ቁጭ ስንል እነግርሻለሁ" አልኳት። የፈራሁት አንድ ነገር ነው። በስንት መከራ ጥቁሩን አውልቃ፣ የለበስሽው ለካ ሐዘን ነው ስላት ይበልጥ ትዘጋለች ብዬ ፈራሁ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ የድንጋይ መደቦች አሉ። ከአንዱ ጭስ ይወጣል። እንጨት የሚደረድሩ ሰዎች ይታያሉ፤ ራሳቸውን የተላጩ ነጭ የለበሱ ወንዶችም አሉ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"አስከሬን እያቃጠሉ ነው። ቀብራቸው እንዲህ ነው።"

"እንዲህ በፊት ለፊት? ሁሉ ሰው እያየ?"

"አዎ። እንነሣ?"

"ተወኝ።"

አዲስ አስከሬን ተሸክመው መጡ። ከኋላ አንዲት ሴት ሁለት ሰው ደግፏት ትጮኻለች። ድምፅዋ ወንዙን ተሻግሮ እኛ ጋ ይደርሳል። ማንም ዘወር ብሎ አያያትም፣ ማንም ዝም አያሰኛትም። አጠገባችን ሻይ የሚሸጠው ሰው ሻዩን ይቀዳል፣ ጦጣዎች ግድግዳው ላይ ይዘላሉ። ለቅሶው ከሌላው ድምፅ ሁሉ ጋር እኩል ቦታ አለው።

ያን ጊዜ ነው እሳቸው የመጡት። በዕድሜ ከእናቴ ትንሽ የሚበልጡ፣ ቀጭን፣ ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሱ እናት ናቸው። የት ተቀምጠው እንደነበር አላየሁም። ቀስ ብለው ደረጃውን ወርደው፣ ከእናቴ ጎን፣ ትከሻቸው ትከሻዋን እስኪነካ ድረስ ተጠግተው ተቀመጡ። እጇን ያዙ። አንድ ነገር ጠየቋት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ጋሽ ቢሽኑ ዞርኩ። ጋሽ ቢሽኑ "ከሄደ ስንት ጊዜው ነው? ነው የሚሉት" አሉ።

"ማን?" አለች እናቴ።

"ባልሽ።"

እናቴ ሴትዮዋን አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "በምን አወቁ?"

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ስለ ነጩ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ቀሚሷን አየች። ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ሴትዮዋ እጇን አልለቀቁም፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።

"ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል በላቸው" አለች እናቴ። "በላቸው... ጫማውን እያሰረ ነበር። አንዱን አስሮ አንዱን ሳያስር ነው በላቸው።"

እኔ በእንግሊዝኛ አልኩት፤ ጋሽ ቢሽኑ ለሴትዮዋ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁና በሌላኛው እጃቸው ደረታቸውን መቱ። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው። የእኛ እናቶች የሚያደርጉት ነው።

እናቴ አፏን ከፈተች። "ታዴዬ!" አለች። "ታዴዬ፣ በሩን ማን ከፍቶ ይግባልኝ!"

ያንኑ ቃል ነው የደገመችው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሳለ የተቋረጠባትን፣ ከተቋረጠበት ቦታ አንሥታ ቀጠለችው። ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ። እየተወዛወዘች የአባቴን ነገር ሁሉ ጠራችው። አረማመዱን፣ ሥራ ውሎ ሲመጣ ደረጃው ላይ የሚያፏጨውን ፉጨት፣ ሻይ ሲቀዳላት መጀመሪያ ለእሷ ከዚያ ለራሱ ማድረጉን ጠራች። ከማዶ ያችኛዋ ሴት ታለቅሳለች፣ ከዚህ እናቴ ታለቅሳለች። ሴትዮዋም በራሳቸው ቋንቋ የራሳቸውን ሰው እየጠሩ አብረው አለቀሱ። ሁለቱ አንድ ቃል አይግባቡም፣ ነገር ግን አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች።

ሻይ ሻጩ ሰው አንድ ስኒ አምጥቶ እናቴ እግር አጠገብ አስቀመጠና ተመልሶ ሄደ። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር። ክዳኑን ገጥሜ ወደ ጀርባዬ አዞርኩት። ጋሽ ቢሽኑ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ቆሙ። እኔም አለቀስኩ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እሷ ሳታለቅስ እኔ ማልቀስ የማይገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ምን ያህል እንደቆየን አልለካሁም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴ ዝም አለች፤ ይህ ዝምታ ግን ከበፊቱ የተለየ ነበር፣ የጠገበ ሰው ዝምታ ነው። ሴትዮዋ በልብሳቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት። የወደቀውን ነጠላ አነሡና ራሷ ላይ አደረጉላት፣ ጫፉንም በግራ ትከሻዋ መለሱላት። እኛ የምናደርገው በሌላ መልክ ነው። እናቴ አላስተካከለችውም፤ የዚያን ቀን እንደዚያው ዋለ።

ሊሄዱ ሲነሡ እናቴም ተነሥታ ጉንጫቸውን ሳመች። አንድ ጊዜ የሚሳሙ መስሏቸው ፊታቸውን መለሱ፤ እናቴ በዚያኛውም ሳመች፣ እንደገና በዚህኛው፣ እንደገና በዚያኛው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ቆዩና ሳቁ። ጥርሳቸው ከፊት ጎድሏል። እናቴም ሳቀች። ከዚያ ደረጃውን ወጥተው በዛፎቹ መሀል ሄዱ።

"ስማቸውን ጠየቃችሁልኝ?" አለች እናቴ።

እኔ የወፍ ስም ሳላውቅ ከቦታዬ የማልንቀሳቀስ ሰው ነኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ጋሽ ቢሽኑም አልጠየቁም። ሮጬ ወጣሁ። ከላይ መንገዱ በነጭ ለባሽ ተሞልቶ ነበር፤ የትኛዋ እሳቸው እንደሆኑ መለየት አልቻልኩም።

ስመለስ እናቴ የቀዘቀዘውን ሻይ ጨርሳ "ራበኝ" አለች። ጋሽ ቢሽኑ ምስርና ሩዝ የሚሸጥበት ቤት ወሰዱን። ሁለት ጊዜ አስጨመረች። እየበላች ስለ አባቴ አወራች። እኔ የማላውቀውን አወራች። አውራሪስ እኛ አገር እንደነበረ ራሱም እርግጠኛ እንዳልነበረ፣ ጋሽ ቢሽኑን ለማናደድ ሲል ብቻ እንደሚከራከር ነገረችን፤ ለእሳቸው ተረጎምኩላቸው።

"ሌባ!" አሉ ጋሽ ቢሽኑ በእንግሊዝኛ፣ ጠረጴዛውን መትተው። "አራት ዓመት!"

"ና ብላ" አለቻቸው እናቴ፣ ሰሃኑን ወደ እሳቸው እየገፋች።

ጥቁሩ ቀሚስ በማግሥቱ ደረቀ። እናቴ አጣጥፋ፣ በፎጣው ጠቅልላ፣ ሻንጣው ሥር አደረገችው። ሳን ፍራንሲስኮ ስንደርስ ነጩን ለብሳ ወጣች። ማህሌት ከሩቅ አይታ "ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ!" ብላ ጮኸች። ዘዴዋ የሠራ መስሏታል። እናቴ አቅፋ ጆሮዋን ቆነጠጠቻት። "ተንኮለኛ" አለቻት። ሙሉውን የነገርናት ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ሚያዝያ ላይ የአባቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ዘመድ ወዳጅ ቤታችን መጣ። ጋሽ ቢሽኑም ነበሩ። እናቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

ማህሌት ልትነሣ ስትል እናቴ በእጇ ከለከለቻት። ራሷ ተነሥታ፣ ፊቷን ሳትጠርግ፣ በሩን ከፈተች። የላይኛው ፎቅ ልጅ ናት። ሕፃኑ አድጎ እጇን ይዞ ቆሟል።

እናቴ በራሷ እንግሊዝኛ "ባሌ ነው። ዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው። ላለቅስለት ነው። ግቢ" አለቻት።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ጠብ የተነሣ መስሏት ነው የወረደችው። አባቴ መሞቱን አታውቅም ነበር። እናቴን ዓመት ከመንፈቅ በሊፍት ውስጥ ጥቁር ለብሳ እያገኘቻት አላወቀችም። "አይ ዲድንት ኖው" እያለች ደጋግማ ተናገረች። ገባች። ከማህሌት ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ልጇ ጭኗ ላይ ተኛ፣ እናቴም ቀጠለች። ልጁ አልነቃም።

አሁን ስለዚያ ቀን ሳስብ የማመሰግናቸው ብዙ ናቸው። ሰሃኗን የደበቀችውን ሴት፣ ቦታቸውን የለቀቁትን ሽማግሌ፣ ሻዩን አስቀምጦ የሄደውን ሰው አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ትከሻቸውን አስጠግተው የተቀመጡትን እናት። ከዚያ ጉዞ ያመጣሁት ፎቶ ብዙ ነው፤ አውራሪሱም ጣዎሱም አለ። የእሳቸው ግን የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ፊታቸውን አስታውሰዋለሁ።

እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ያንን ነጠላ ስታጣጥፍ አንዳንዴ እጇ ይቆማል። "እኚያ እናት ግን ደህና ይሆኑ?" ትለኛለች፣ ልክ ሰሞኑን ሳትደውልላት ስለቆየች እህቷ እንደምትጠይቅ።

"ደህና ናቸው" እላታለሁ።

"ተመስገን" ትልና አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች።